ክብደት ብቻውን አይፈርድም፦ የእንስት ቦል ፓይተንን የመራቢያ ዝግጁነት ስለ መመዘን

መግቢያ

በቤት ውስጥ ከሚያዙ እባቦች መካከል በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት አንዱ ቦል ፓይተን በሚል ስም የሚታወቀው አነስተኛ የአፍሪካ ዘንዶ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ ሲሆን፣ ትርጉሙ ንጉሣዊ ዘንዶ ማለት ነው። ኳስ የሚል ፍቺ ያለው የተለምዶ ስሙ የወጣለት ደግሞ ሲደነግጥ ራሱን በመሀል ሸሽጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህን እባብ በቤታቸው የሚያራቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። በእነርሱ ዘንድም እንስቷ 1,500 ግራም ስትመዝንና 3 ዓመት ሲሞላት ከተባዕት ጋር ልትገናኝ ትችላለች የሚል የተለመደ ደንብ አለ። ደንቡ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ከልምድ የተገኘ በመሆኑም ዋጋ ቢስ ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ አንድን የሥነ ሕይወት ጥያቄ በአንድና በሁለት ቁጥር መመለስ ስህተት ያስከትላል፤ የስህተቱን ዋጋ የምትከፍለውም እንስቷ ናት። ክብደቷ ደንቡን ስላሟላ ብቻ ለርቢ የቀረበች እባብ እንቁላሏ ተይዞባት ልትሞት፣ ወይም እንቁላሏን ጥላ ከደረሰባት ክሳት ሳታገግም ልትቀር ትችላለች።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ዝግጁነት በምን እንደሚለካ ማብራራት ነው። ዋናው ነጥብ እንደሚከተለው ነው፦ ዕድሜና ክብደት የዝግጁነት ምልክቶች እንጂ ዝግጁነት ራሱ አይደሉም። ዝግጁነት ማለት እባቧ በሰውነቷ ያከማቸችው ጉልበት እንቁላል ለማፍራት፣ እንቁላሉን ለመጣል፣ በዚያም ወቅት ለወራት ሳይበሉ ለመቆየትና በመጨረሻ ወደ ቀድሞ ይዞታዋ ለመመለስ የሚበቃ መሆኑ ነው።

የእንስሳዋ ተፈጥሮ

ቦል ፓይተን በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ ከሴኔጋል አንሥቶ በምሥራቅ እስከ ዩጋንዳ ድረስ ይገኛል። በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች ከሚኖረው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶ ጋር የአንድ ወገን ቢሆንም በመጠን እጅግ ያንሳል፤ የጎለመሰች እንስት ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ተኩል አይዘልም። ተባዕቱ ደግሞ ከእንስቷ ያነሰ ነው። በቤኒን በምትገኘው በዊዳ ከተማ ይህ እባብ የሚከበርበት ቤተ መቅደስ አለ። በአንጻሩ ጋና፣ ቶጎና ቤኒን እባቡን ወደ ውጭ በመላክ የታወቁ ናቸው። በእነዚህ አገሮች ከተለመዱት አሠራሮች አንዱ እንቁላል የተሸከሙ እንስቶችን ከዱር ይዞ እንቁላላቸውን ማስፈልፈልና ጫጩቶቹን ለገበያ ማቅረብ ነው። ንግዱ በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ሥር ይገኛል።

ይህ አመጣጥ ለርእሰ ጉዳያችን አግባብነት አለው። ከዱር ተይዛ የመጣች እባብ ዕድሜዋ በትክክል ስለማይታወቅ በዓመት የተገለጸው ደንብ ለእርሷ ትርጉም አይኖረውም። በሰው እጅ ተፈልፍላ ያደገችውም ብትሆን እድገቷ በአመጋገቧ ስለሚወሰን ዕድሜዋ ስለ ሰውነቷ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ከጎተራ የሚወጣ ወጪ

እንስሳት ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን ጉልበት የሚያገኙበት መንገድ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ በዚያው በመራቢያ ወቅት በሚመገቡት ምግብ ይተዳደራሉ፤ በዕለት ገቢ የሚራቡ ልንላቸው እንችላለን። ሁለተኛዎቹ ግን አስቀድመው ባከማቹት ስብና ሥጋ ይራባሉ፤ እነዚህ ከጎተራ የሚራቡ ናቸው። ብዙ የእባብ ዝርያዎች፣ ቦል ፓይተንም ጭምር፣ ባመዛኙ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይጠጋሉ።

በዚህ መስክ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት ሥራዎች መካከል ጊ ኖሎ እና ግዛቪዬ ቦኔ በፈረንሳይ ቫይፔራ አስፒስ በተባለች እፉኝት ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት ይገኝበታል። ጥናቱ እንዳሳየው እንስቷ እፉኝት የመራቢያ ዑደቷን ለመጀመር የሰውነቷ ይዞታ ከአንድ የተወሰነ ደረጃ መድረስ አለበት። የሰውነት ይዞታ ሲባል ክብደቷ ከርዝመቷ ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጠው ግምት ነው። ከደረጃው በታች ያለች እንስት በእንቁላሎቿ ውስጥ አስኳል መሙላት አትጀምርም፤ ክምችቷ እስኪሞላም ዓመታት ልትጠብቅ ትችላለች።

ለእንስሳት ሕክምናና ለእንስሳት እርባታ ተማሪዎች ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። የከሳች ላም ኮርማ እንደማትፈልግ፣ ከወለደች በኋላም ሥጋዋ እስኪመለስ ድረስ ለጥቂ እንደማትደርስ አርሶ አደሩ በልምድ ያውቀዋል፤ ባለሙያውም ለላሟ የሰውነት ይዞታ ነጥብ በመስጠት ይለካዋል። በእባቧ ላይ የሚሠራው መርህ ያው ነው። ልዩነቱ ላሟ በእርግዝናዋ ጊዜ መብላቷን ስትቀጥል እባቧ ግን አብዛኛውን ጊዜ መብላት ማቆሟ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ በር ጠባቂ ካቆመች አርቢው ስለምን ይጨነቃል? ያልተዘጋጀችው እንስት በራሷ ጊዜ አትታቀብምን? መልሱ በር ጠባቂው የተሠራው ለዱር ኑሮ መሆኑ ነው። በዱር ያለች ወጣት እባብ ምግብ የምታገኘው አልፎ አልፎ በመሆኑ ሰውነቷ ሳይጠነክር ስብ ማካበት ይከብዳታል። በሰው እጅ ያለችው ግን ሙቀትም ሆነ አይጥ ሳይጓደልባት ስለምታድግ አጥንቷና ጡንቻዋ ሳይጎለምሱ የስብ ክምችቷ ሊሞላ ይችላል። በዚህ ጊዜ በሩ ያለ ጊዜው ይከፈታል። በተጨማሪም ደረጃው የሚወስነው የዑደቱን መጀመር እንጂ በሰላም መፈጸሙን አይደለም። ዑደቱን ለመጀመር የበቃ ክምችት ለማገገም ላይበቃ ይችላል።

አንድ ክብደት፣ ሦስት እንስቶች

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። እያንዳንዳቸው 1,500 ግራም የሚመዝኑ ሦስት እንስቶች አሉ እንበል። የመጀመሪያዋ 4 ዓመቷ ነው፤ ርዝመቷ 120 ሳንቲሜትር ሲሆን ክብደቷ በዓመታት ውስጥ በዝግታ የጨመረ ነው። ሁለተኛዋ 18 ወሯ ነው፤ ርዝመቷ 1 ሜትር ብቻ ሆኖ ክብደቷ በብዙ መኖ በአጭር ጊዜ የመጣ ነው። ሦስተኛዋ 7 ዓመቷ ሆኖ ባለፈው ዓመት እንቁላል ከመጣሏ በፊት 1,900 ግራም ትመዝን ነበር። ሚዛኑ ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። እውነታው ግን የመጀመሪያዋ ብቻ ለርቢ የተዘጋጀች መሆኗ ነው። ሁለተኛዋ ወፍራም ልጅ ናት፤ ሦስተኛዋም ያላገገመች እናት ናት።

ወጪው ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ቦል ፓይተን በአንድ ጊዜ የምትጥላቸው እንቁላሎች ጥቂት ቢሆኑም ትልልቅ ናቸው፤ 6 ያህል የተለመደ ቁጥር ነው። አንዱ እንቁላል 80 ግራም ገደማ ቢመዝን 6ቱ 480 ግራም ይሆናሉ። ይህም ቀደም ሲል ከጠቀስነው 1,500 ግራም ሲሶ ገደማ ነው። በዚህ ላይ የጾሙ ወራት ይጨመራሉ። እንቁላል ከዕጢው ከተላቀቀበት ጊዜ አንሥቶ እስኪጣል ከ6 እስከ 7 ሳምንት ይፈጃል፤ እናቲቱ እንድታቅፍ ከተተወች ደግሞ እስኪፈለፈል ተጨማሪ 2 ወር ገደማ ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ እንስቶች ምግብ አይቀበሉም። ከ3 ወር በላይ የሚዘልቀው ይህ ጾም የሚሸፈነው ከጎተራው ነው።

ስለዚህ ተመራማሪም ሆነ አርቢ ሊይዘው የሚገባው መረጃ የአንድ ቀን ክብደት ሳይሆን የክብደት ታሪክ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን፣ እባቧ ከመመገቧ በፊትና ሆዷን ካጸዳች በኋላ የተወሰደ ልኬት ለማነጻጸር ያመቻል። ርዝመት በሚለካበት ጊዜ የተገፈፈ ቆዳን መጠቀም አይገባም፤ ቆዳው በሚገፈፍበት ጊዜ ስለሚለጠጥ ከእንስሳዋ እውነተኛ ርዝመት ይበልጣል።

ዓይንና እጅ የሚያገኙት ማስረጃ

ከቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው የአካል ምርመራ ነው። በመልካም ይዞታ ላይ ያለች ቦል ፓይተን መሀል ሰውነቷ ጠርዙ የለዘበ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ አከርካሪዋ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል እንጂ ተሾሎ አይወጣም፤ ሁለቱም ጎኖቿ በጡንቻ የተሞሉ ናቸው። የከሳች እባብ አከርካሪ እንደ ተራራ ጫፍ ጎልቶ ይታያል፤ በግራና በቀኙ ያለው ሥጋ ይጎደጉዳል፤ ቆዳዋም ይሸበሸባል። ከልክ በላይ የወፈረችው ደግሞ ክብ ትሆናለች፤ አከርካሪዋ በስብ መሀል ይሰምጣል፤ ስትጠቀለል በቅርፊቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ይከፈታል፤ ከጅራቷ በላይም የስብ እጥፋት ይታያል።

ውፍረት ለርቢ መልካም ስንቅ እንደሆነ የሚቆጥሩ አሉ። ይህ ግምት የጎተራውን ምሳሌ ያለ መጠን መለጠጥ ነው። ከልክ ያለፈ ስብ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ በሆድ ዕቃ ውስጥ ቦታ በመያዝም እንቁላሎች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ጫና ይፈጥራል። ጡንቻ ያልዳበረ ሰውነት እንቁላልን ገፍቶ ለማውጣት ይቸግረዋል። ስለሆነም ክሳትም ውፍረትም የማቆያ ምክንያቶች ናቸው።

የእንስሳት ሐኪም እርዳታ በሚገኝበት ቦታ አልትራሳውንድ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል። በእንቁላል ዕጢዋ ውስጥ የሚያድጉት የእንቁላል ጥንሶች፣ ፎሊክል የሚባሉት፣ በዕረፍት ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆኑ አስኳል በሚሞላባቸው ወራት እስከ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ሊደርሱ ይችላሉ። በየወሩ የሚወሰድ ምስል ዑደቱ መጀመሩንና እድገቱ መቀጠሉን ወይም መቆሙን ያሳያል። ይሁን እንጂ የፎሊክል ማደግ እንስቷ መጀመሯን እንጂ በሰላም ለመጨረስ የሚያበቃ አቅም ያላት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ከሰውነት ይዞታዋ ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት።

የሚያግዱ የጤና ምክንያቶች

ክምችቷ የተሟላ እንስትም ጤናዋ ካልተረጋገጠ ከተባዕት ጋር መገናኘት የለባትም። በመተንፈስ ጊዜ የሚሰማ ድምፅ፣ ከአፍ የሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ የደም መጣጭ ጥቃቅን ተባዮች መኖር፣ ቆዳን በቁርጥራጭ መግፈፍና የውኃ ጥም ምልክቶች ሁሉ ለማዘግየት በቂ ናቸው። በብዙ አርቢዎች ዘንድ ለመራቢያ ወቅት መንደርደሪያ ተብሎ የሌሊቱ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ይቀነሳል። ለጤነኛዋ እባብ ይህ ለውጥ ቀላል ሲሆን የመተንፈሻ በሽታ ላለባት ግን በሽታውን ሊያባብስ ይችላል።

ከዓይን የሚሰወሩ ተላላፊ በሽታዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ጥናቶች ከቦል ፓይተን ከባድ የመተንፈሻ በሽታ ጋር የተያያዙ ኒዶቫይረሶችን ለይተዋል። ቫይረሱን የተሸከመ እባብ ለጊዜው ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል ለአንድ ወቅት ብቻ ተውሶ የመጣ ተባዕት አደጋ ሊያመጣ ይችላል። አዲስ የመጣ እንስሳ ቢያንስ ለ3 ወር ተለይቶ መቆየቱና መመርመሩ የዝግጁነት አካል ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል።

ዑደቱን መከታተል

እንስቷ ከተባዕቱ ጋር ከተገናኘች በኋላም ምዘናው አያበቃም። በመራቢያ ወቅት ቀዝቃዛውን ሥፍራ ልትመርጥ፣ በውኃ ገንዳዋ ዙሪያ ልትጠቀለልና መልኳ ፈካ ሊል ይችላል። እንቁላል ከዕጢው ሲላቀቅ መሀል ሰውነቷ ለአንድ ቀን ገደማ በግልጽ ያብጣል፤ ትልቅ አይጥ የዋጠች ትመስላለች። ከዚያ በኋላ ሙቀት ትፈልጋለች። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳዋን ትገፋለች፤ ከዚህም በኋላ ብዙውን ጊዜ በ4 ሳምንት ገደማ እንቁላሏን ትጥላለች። እነዚህን ቀናት መመዝገብ ጥቅሙ መዘግየትን ለማወቅ ነው፤ መነሻው ያልተመዘገበ ጊዜ መዘግየቱ ሊታወቅ አይችልምና።

እጅግ የሚፈራው ችግር እንቁላል ተይዞ መቅረት ነው። መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው፦ የእንቁላሉ ቅርጽ መበላሸት፣ የመራቢያ አካል ሕመም፣ የውኃ እጥረት፣ የጡንቻ ድካም፣ ውፍረት፣ እንዲሁም ተስማሚ መጣያ ሥፍራ ማጣት። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ እንስቷ ከተባዕት ጋር ከመገናኘቷ በፊት ሊታዩ ወይም ሊስተካከሉ የሚችሉ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከፊሉን እንቁላል ጥላ ቀሪውን ይዛ አንድና ሁለት ቀን ያሳለፈች፣ ወይም እያማጠች ምንም ያልወጣላት እባብ በሐኪም መታየት ይኖርባታል። በእጅ ጨምቆ ለማውጣት መሞከር የእንቁላሉን ቧንቧ ሊቀድ ይችላል። ምጥ የሚያፋጥነው ኦክሲቶሲንም በእባብ ላይ የሚሰጠው ውጤት በኤሊ ላይ እንደሚሰጠው አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው አማራጭ ይሆናል።

ዳግመኛ መቼ?

የመጀመሪያው ርቢ በሰላም መጠናቀቁ ለሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አይደለም። እናቲቱ ከእንቁላሎቿ ጋር ከተተወች በጥብቅ ተጠቅልላ ታቅፋቸዋለች። በቶጎ በተካሄዱ ጥናቶች እንደታየው ይህ አቃቀፍ እንቁላሎቹ ውኃ እንዳያጡ ይከላከላል። ጥቅሙ ለእንቁላሎቹ ሲሆን ወጪው የእናቲቱ ነው። እንቁላሎቹን በ31 ወይም በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በማስፈልፈያ ሣጥን ማቆየት እናቲቱ ወደ ምግብ ቶሎ እንድትመለስ ይረዳል። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ለሚቀጥለው ዙር መስፈርቱ አንድ ነው፦ እንስቷ ከመጀመሪያው ርቢ በፊት ወደ ነበራት ክብደትና ይዞታ ተመልሳለች ወይ? በሚቀጥለው ወቅት መባቻ ካልተመለሰች ወቅቱ ያለ ርቢ ማለፍ አለበት። በዱር ያለችው እፉኝትም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ሲጠቃለሉ ምዘናው በአራት ጥያቄዎች ይሰበሰባል። አንደኛ፣ የእባቧ ርዝመትና ጡንቻ የጎለመሰች መሆኗን ያሳያሉን? ሁለተኛ፣ ክብደቷ በዝግታ የመጣና ሳይዋዥቅ የቆየ ነውን? ሦስተኛ፣ ሰውነቷ ሲዳሰስ ከክሳትም ከውፍረትም የራቀ ነውን? አራተኛ፣ ከበሽታ ነጻ መሆኗና ካለፈው ርቢ ማገገሟ ተረጋግጧልን? 1,500 ግራምና 3 ዓመት የሚለው ደንብ ቦታ የሚኖረው ከእነዚህ ጥያቄዎች በፊት እንደ መነሻ እንጂ በእነርሱ ምትክ አይደለም። ከአራቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ አይደለም ከሆነ ውሳኔው መጠበቅ ነው።

መጠበቅ ምን ያስከፍላል? በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜዋ 62 ዓመት ገደማ የተገመተ ቦል ፓይተን ቢያንስ ለ15 ዓመታት ተባዕት ሳይቀርባት 7 እንቁላል ጥላለች። ጉዳዩ ለየት ያለ ቢሆንም የዚህችን እንስሳ የዕድሜ ርዝመት ያመለክታል። አሥርተ ዓመታት በምትኖር እባብ ሕይወት ውስጥ ያለ ርቢ የሚያልፍ አንድ ወቅት ኢምንት ነው፤ ያለ ጊዜው የተጀመረ አንድ ርቢ ግን የቀሩትን ዓመታት ሁሉ ሊወስድ ይችላል።